ከወሰኑ ውጪ የተሰጣ አንሶላ

«የሉም በላት! ወሰኑ ውስጥ ካልጻፍካቸው የሉም ማለት ነው፤ አለቀ።»

ይህን ያለው የላውንደሪያችን ሥራ አስኪያጅ ነው። ያለውም ለእኔ አይደለም፤ ስለ አክስቴና ስለ ሰባት ጎረቤቶቻችን ነው። እኔ የሰማሁት ስልኩን መዝጋት ስለረሳ ነው። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደውሎ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳይል፣ «ዛሬ ኦዲተሯ ትመጣለች። ሴቶቹ ጣሪያ ላይ አንድ አንሶላ እንዳያሰጡ ንገሪያቸው። አንቺ ደግሞ ንጹሕ ሽርጥ አድርገሽ ሻይ ታቀርቢያለሽ» አለኝና ስልኩን እንዳለ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ወዲያ የመጣልኝ የመኪና ሞተር፣ የጨርቅ መንኮሻኮሽና የሁለት ሰው ወሬ ነበር። ጨዋ ሰው ይዘጋል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል፤ ከአክስቴ ጋር የሆቴል አንሶላ እያጠፍን ነው፤ ሁለት ጫፍ እሷ፣ ሁለት ጫፍ እኔ፤ ስልኩ በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ተወትፏል። እጄ ባይያዝም አልዘጋውም ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም።

ሁለተኛው ድምፅ የአማካሪው ነው። እሱን ላውንደሪው ውስጥ «ስላይዱ» እንለዋለን፤ ግድግዳ ላይ ምስል ሳያበራ ሲናገር ሰምተነው ስለማናውቅ። «ጌታው፣ አይጨነቁ» አለ ስላይዱ፤ «ሴቶቹ ሠራተኞችዎ አይደሉም፤ ከወሰን ውጪ አድርገናቸዋል። የካርቦን ልቀቱን የቀነሰው አዲሱ ማድረቂያ ማሽን ነው ብለን ጽፈናል፤ ደግሞ ያምራል።» ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «ያቺን ሰርተፊኬት ብቻ እጄ አስገባልኝ። በሚቀጥለው ወር መብራቱ ሲገባ ማሽኑን እናስነሳና ከነዚያ የጣሪያ ሴቶች እንገላገላለን።» ከዚያ መኪናው ጉድጓድ ገባ መሰለኝ፣ ስልኩ ራሱ ተዘጋ።

«ምን አለሽ?» አለች አክስቴ ከአንሶላው ማዶ።

«ምንም። እንግዳ ስላለ ዛሬ አይሰጣም አለ።»

«ፀሐይዋ ታዲያ ለማን ወጣች?»

ጫፌን ወጠርኩ። እሷም ወጠረች። አንሶላ ለሁለት ሲታጠፍ እንዲህ ነው፤ ትወጥራላችሁ፣ ትቀራረባላችሁ፣ ጫፍ ከጫፍ ይገናኛል፣ ጣት ከጣት ይነካካል፣ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ። እኔና አክስቴ በቀን ስልሳ ጊዜ እንዲህ እንገናኛለን፤ ስልሳውንም ጊዜ የምናወራው ስለ አንሶላ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጥኩበትን ቀን፣ የዚያን ዓመት እሷ ታማ እንደነበር፣ ደብተሮቼን ማን እንደሸጣቸው፣ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኛ ቤት ዝምታ ቢነቅዝ ኖሮ ይሄኔ ወለሉ በተደረመሰ ነበር።

የምንኖረው ላውንደሪው ባለበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ክፍል ይባሉ እንጂ ግድግዳቸውን ካየሁ ስምንት ወሬ ነው። ማታ ጤዛ እንዳይመታቸው ያልደረቁትን አንሶላዎች ወደ ቤት ስለምናስገባ፣ ከአልጋዬ ተነስቼ በሩ ጋ ለመድረስ ዘጠኝ አንሶላ መግለጥ አለብኝ። አክስቴን ከማየቴ በፊት ጥላዋን አያለሁ፤ ድስቱን ከማየቴ በፊት ክዳኑ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ሆቴል ውስጥ አድሬ አላውቅም፤ ሆቴሉ ግን በየሌሊቱ እኔ ቤት ያድራል። ለሃያ አንሶላ የሚከፈለን የአንድ ሳሙና ዋጋ ነበር። ሳሙናው በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ አንሶላው ግን ትሕትና ስላለው እዚያው ነው። ቢሆንም ሥራ ነው። ስምንት ሴቶች፣ ሦስት ጣሪያዎች፣ በዚያ የሚተዳደር ስምንት ቤት። ሥራ አስኪያጁ «እንገላገላለን» ያለው ይህን ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ትንሽ ልኩራራ። ላውንደሪው ውስጥ ሥራዬ መዝጋቢነት ነው፤ ስንት አንሶላ ታጠበ፣ ስንት ኪሎ መዘነ፣ የትኛው ጋሪ ወደ የትኛው ጣሪያ ሄደ፣ እጽፋለሁ። ከዓመት በፊት ሆቴሉ «የካርቦን ልቀቱን ለክቶ የማያሳየኝ፣ በየዓመቱም የማይቀንስ ላውንደሪ አንሶላዬን አይነካም» ሲል ስላይዱ ተቀጠረ። መጀመሪያ በመጣ ቀን መማሪያ መጽሐፉን የሻይ ፔርሙዝ አጠገብ ረስቶ ሄደ። እኔ አልረሳሁትም። በሦስት ሳምንት ጨረስኩት፤ ያልገባኝን ደግሞ ከጎረቤት ፋርማሲ በግድግዳ በኩል በሚያመልጥ ኢንተርኔት ከስልኬ ላይ ተማርኩ። ነገሩ ሲገለጥ እንደ አንሶላ ነው፤ ታጥፎ ያስፈራል እንጂ ሲዘረጋ ጨርቅ ነው። መነሻ ዓመት የሚባለው «ያኔ እንዲህ ነበርኩ» የምትልበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀነስክ ወይስ ጨመርክ የሚባለው ከሱ አንጻር ነው። ስኮፕ አንድ የራስህ ጭስ ነው፤ የኛ ቦይለር። ስኮፕ ሁለት አንተ ማብሪያ ስትጫን ሌላ ቦታ የሚጨስልህ ነው፤ መብራት። ስኮፕ ሦስት ደግሞ ሌላ ሰው ስለ አንተ ብሎ የሚያጨሰው ነው። ወሰን ማለት «እዚህ ድረስ እኔ ነኝ፣ ከዚህ ወዲያ አይመለከተኝም» ብለህ የምታሰምረው መስመር ነው። ማካካሻ የሚባለውን ሳነብማ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሰው አገር ዛፍ አስተክያለሁና የእኔ ጭስ ጭስ አይደለም! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አንድ ማታ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ባስረዳት ጥርሷን በመቆንጠጫ ይዛ፣ አይ፣ መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ አዳመጠችኝና «እንግዲህ እኛ ሦስተኛዎቹ ነን» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጣሪያዎቹ ሴቶች «ፕሮፌሰሯ» ይሉኛል። ለማላገጥ ነው። እኔ ግን እንደ ማዕረግ ነው የምቀበለው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሥራ ስወርድ ሁለት ሐሳብ እመዝን ነበር። ዝም ካልኩ ሰርተፊኬቱ ይገኛል፤ በሚቀጥለው ወር አክስቴና ሰባቱ ሴቶች ባዶ ገመድ ይዘው ይቀራሉ። ከተናገርኩ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ይቀራል፣ ሆቴሉ ይሄዳል፣ ላውንደሪው ራሱ ይዘጋል፤ ያኔ ገመዱም አያስፈልግም። በደረጃው ላይ ሁሉ ሳሰላ ወረድኩ፤ ምድር ቤቱ ጋ ስደርስ ግን ስሌቱን የሚያስጥል ነገር ገጠመኝ። ሌሊት የታጠበው ሦስት መቶ አንሶላ ቦታው ላይ የለም። ባለጋሪውን «የት አደረስከው?» አልኩት። «አክስትሽ ራሷ መጥታ ወሰደችው። ጋሪዬን ከእጄ ነጥቃ ነው የገፋችው» አለኝ። አልገባኝም። አክስቴ ትዕዛዝ ስትጥስ አይቼ አላውቅም፤ መንገድ እንኳ የምታቋርጠው መኪና በሌለበት ሁለቴ ግራ ቀኝ አይታ ነው።

ለመጨነቅ ጊዜ አልነበረም፤ ኮሪደሩ ላይ ተአምር እየተሠራ ነው። አዲሱ ማድረቂያ ማሽን ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። በመጣ ሳምንት በጋዝ እየሞቁ በመብራት የሚሽከረከሩት አሮጌዎቹ ማድረቂያዎች በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ተሸጡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሕንፃው ማሽኑን የሚሸከም መብራት እንደሌለው የታወቀው። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል። እስከ ዛሬ ፕላስቲኩን እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የምሳ ሳህኖቻችንን የምንደረድረው በሱ ላይ ነው፤ ካውያ ተኳሾቹ ልጆች ደግሞ ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉት በሚያንጸባርቅ የብረት በሩ እያዩ ነው። ዛሬ ግን ፕላስቲኩ ወልቆ፣ ተወልውሎ፣ እንደ ሙሽራ ያበራል። ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ጎንበስ ብሎ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ያስተካክላል። ሁለት ጄሪካን የፈላ ውሃ ነው!

«ምንድን ነው እሱ?» አልኩት።

«ኦዲተሯ ነካ ብታደርገው እንዲሞቅ ነው» አለኝ፣ ፊቱ በላብ እየራሰ። «አንቺ ሻይሽን አፍዪ።»

ሽርጤን አፌ ውስጥ ወትፌ ወደ ሻይ ክፍሉ ሮጥኩ። እንዲህ ስቄ አላውቅም። አዲስ ማሽን ትኩሳት አለው እንዲባል ፍል ውሃ ታቅፎ ተኛ!

ኦዲተሯ አራት ሰዓት ላይ መጣች። ሁላችንም የጠበቅነው ባለ ከፍተኛ ተረከዝ፣ ባለ መነጽር፣ ባለ ቁጣ ሴት ነበር። የመጣችው ግን አጠር ያለች፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ የአርባ ዓመት ሴት ናት። ሻይ ሳቀርብላት ዓይኔን አይታ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ፤ ስላይዱ ግን ብርጭቆው ከሰማይ የወረደለት ይመስል ዞርም አላለ። በሩ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ስላይዱ መጋረጃ አስዘጋና ግድግዳውን አበራው፤ አረንጓዴ ቅጠል፣ አረንጓዴ ቀስት፣ አረንጓዴ ምድር። በመነሻው ዓመት መቶ ቶን፤ ዘንድሮ ሃምሳ ዘጠኝ። አርባ አንድ ከመቶ ቅናሽ፤ ምክንያቱ «ዘመናዊ ማድረቂያ ቴክኖሎጂ»። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ብቻውን ስለነበር ሁለተኛውን ጭብጨባ ሳይጨርስ ተወው።

ኦዲተሯ የመብራትና የጋዝ ደረሰኞቹን ጎን ለጎን ደርድራ በእርሳሷ ጫፍ ስታነካካቸው ቆየች። ከዚያ፣ የልጆች ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ዝግ ብላ፣ «ማሽኑ የጋዝ ነው የመብራት?» አለች።

«የመብራት!» አለ ስላይዱ በኩራት።

«ጥሩ። ጋዙ ለምን እንደቀነሰ ገባኝ። እንግዲያው መብራቱ መጨመር ነበረበት። መብራቱም ቀንሷል።» እርሳሷን አስቀመጠች። «ታዲያ ይህ ማሽን ምን በልቶ ነው የሚሠራው?»

ስላይዱ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቀጣዩን ምስል አመጣ፤ ኤሊ ነበረ፤ ለምን ኤሊ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ተነሳና «ወርደን እንየው! አሁን እየሠራ ነው፤ በእጅዎ ነክተው ያያሉ!» አለ። ወረድን። ኦዲተሯ መዳፏን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። «ይሞቃል» አለች። ሥራ አስኪያጁ የዓለም ዋንጫ የወሰደ መሰለ። ቀጥላ በሩን ከፈተች። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ቡን አለ፤ ሲገለጥ ሁለት ቢጫ ጄሪካኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩናል።

«እነዚህ አንሶላ ናቸው?» አለች።

ከካውያ ክፍሉ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ እንፋሎቱ ራሱ የሳቀ መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁ «ለ… ለሙከራ ነው» አለ። ኦዲተሯ በሩን በቀስታ ዘጋችው። አልሳቀችም፤ ከከንፈሯ ጥግ ግን አንዲት ነገር ስትታገል አየሁ። «እኔ አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው» አለች። «ስመጣ ይህ ሕንፃ በመንገዱ በኩል ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ አይቻለሁ። ሠርግ መስሎኝ ነበር። አንሶላችሁ እዚያ ነው የሚደርቀው?» ስላይዱ ፈጠን ብሎ «እሱ ከወሰናችን ውጪ ነው» አለ። «ከወሰናችሁ ውጪ መሆኑን አልጠየቅሁም። የት ነው የሚደርቀው?»

ሥራ አስኪያጁና ስላይዱ ተያዩ። ያን ጊዜ ነው በደረጃው ላይ የጀመርኩት ስሌት ጭንቅላቴ ውስጥ ተገልብጦ የቆመው። ሁለቱም መንገዶቼ ገደል የሆኑት ሦስተኛውን ስላልደመርኩት ነበር! ምላሴ እንደ ወትሮዋ ቀድማኝ ሄደች።

«እኛ ጣሪያ ላይ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ነው ውሸት።»

«እሷ መዝጋቢ ናት…» አለ ስላይዱ።

«መዝጋቢ ስለሆንኩ ነዋ!» መዝገቤን ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ ወፍራም፣ ጠርዙ በውሃ የረጠበና የደረቀ። «የስምንት ወር ነው። እያንዳንዱ ጋሪ ስንት ኪሎ፣ ወደ የትኛው ጣሪያ፣ በስንት ሰዓት ወጥቶ በስንት ሰዓት ደርቆ እንደገባ። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥተን ስናሠራ ስኮፕ ሦስት ይባላል፤ መቆጠር አለበት። ቢቆጠር ግን ምን ይጨምርብናል? ጋሪው የሚገፋው በእጅ ነው፤ ዜሮ። የሚያደርቀው ፀሐይ ነው፤ ዜሮ። የሚያጥፉት ሴቶቹ ናቸው። ሃምሳ ዘጠኙ ሃምሳ ዘጠኝ ይሆናል። እነሱ የደበቁት የሚያሳፍር ነገር መስሏቸው ነው፤ ያላቸው የሚያኮራ ነገር ግን እሱ ብቻ ነው!»

ኦዲተሯ መዝገቡን ገልጣ ቆማ አነበበች። ገጽ ሲገለበጥ ይሰማል። እኔ ደግሞ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ፤ ይችን ለራሴ ነበር ያስቀመጥኳት። «ጌታዬ፣ በሚቀጥለው ወር ማሽኑ ሲነሳ መብራቱ ስንት እንደሚሆን አስልቼዋለሁ። ዘጠና ቶን እንገባለን። ሆቴሉ በየዓመቱ መቀነስ እንጂ መጨመር አያውቅም። ያኔ ምን ዓይነት ምስል ያሳዩታል? ኤሊ?»

ሥራ አስኪያጁ ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። ከዘጠና ላይ ሃምሳ ዘጠኝ ሲቀንስ በዓይኑ ውስጥ አየሁት። ቀስ ብሎ ፊቱ ተለወጠ፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ እንደሚጮኸው ሁሉ፣ «እኔ እኮ ከመጀመሪያውም ጣሪያው ይካተት ብዬ ነበር!» አለና ስላይዱን ተቆጣው። ስላይዱ ምን ይበል? ስላይድ የለውም።

«ጣሪያውን ማየት አለብኝ» አለች ኦዲተሯ።

አምስት ፎቅ በእግር ወጣን። ሊፍቱ ተበላሽቶ ከቆመ ዓመት አልፎታል፤ እሱም ልቀት ቀንሷል። ሥራ አስኪያጁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ክራባቱን ፈታ፤ ስላይዱ አራተኛው ላይ ቦርሳውን ለእኔ ሊሰጠኝ ሞከረ፤ አልተቀበልኩትም። የጣሪያውን በር ስገፋው ነጭ ነገር ፊታችን ላይ ተርገበገበ። ሦስት መቶውም አንሶላ ወጥቷል! በኛ ጣሪያ፣ በማዶው ጣሪያ፣ ከዚያ ማዶ ባለውም፤ ግማሹን አክስቴ በመንገዱ በኩል ባለው አጥር ላይ ወደ ታች ለቃዋለች። በሕይወቷ በመንገዱ በኩል አስጥታ አታውቅም፤ አቧራ አለው ትላለች። ነፋሱ ሲመጣ ጣሪያው በሙሉ ሸራውን የወጠረ መርከብ ሆነ። አክስቴ ከአንሶላ መሀል ወጣች፣ መቆንጠጫ በጥርሷ፣ አራታችንንም በተራ አየችን።

«እንግዳዋ እርስዎ ኖት?» አለች ኦዲተሯን። «እንኳን ደህና መጡ። ይችን ጫፍ ይያዙልኝ እስኪ፤ ብቻዬን አይታጠፍም።»

ኦዲተሯ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ጫፉን ያዘች። እያጠፈች ጠየቀች፤ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ስንት ሆናችሁ፣ በክረምትስ? አክስቴ እያጠፈች መለሰች፤ በፀሐይ ሁለት ሰዓት፣ በደመና አራት፣ ስምንት ነን፣ በክረምት ቤታችን እንሰቅለዋለን፣ እኛ ኮሪደር ላይ እንተኛለን። ይችን የመጨረሻዋን ስትናገር እንደ ዋጋ ዝርዝር ነበር የተናገረችው። ኦዲተሯ እጇን አቆመች። ሥራ አስኪያጁን አላየችውም፤ ግን እሱ እንደታየ ሰው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ማስታወሻዋን አውጥታ ጮክ ብላ እያነበበች ጻፈች። ሪፖርቱ ይታረማል። ሦስቱ ጣሪያዎችና ስምንቱ ሴቶች ወሰኑ ውስጥ ይገባሉ። ማሽኑ ለዝናብ ቀን ብቻ፤ እያንዳንዱ የሠራበት ሰዓት ይመዘገባል። ሴቶቹ ቢቀነሱ ልቀቱ ለምን እንደጨመረ በጽሑፍ ይገለጻል። ካልታረመ ሰርተፊኬት የለም። «መረጃውን ያዘጋጀው ማን ነው?» አለች መጨረሻ ላይ። ስላይዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ የምታየው ግን እኔን ነው። ስሜን ከነአባቴ ስም ነገርኳት፤ ፊደል በፊደል ጻፈችው። በታተመው ላይ የስላይዱ አርማ እንደ ሰሃን ሰፍቶ የኔ ስም እንደ ቁንጫ ከሥሩ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ይሁን። ቁንጫም ትነክሳለች።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የወደቀችው ማስታወሻው ላይ ነው። ሁላችንም ቀና አልን። ያች ጠዋት ለማን ወጣች የተባለላት ፀሐይ ሹልክ ብላ ሄዳለች፤ ከማዶው ኮረብታ ጥቁር ደመና ጉልበቱን ይዞ እየመጣ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሆቴሉ ሦስት መቶ ደረቅ አንሶላ ይፈልጋል። «ዝናብ!» ብላ አክስቴ ስትጮህ ከሦስቱም ጣሪያ «ዝናብ!» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ሴቶቹ ገመድ ለገመድ ሮጡ። ኦዲተሯ ጫማዋን አውልቃ በአጥሩ በኩል ያሉትን ትጎትታለች። ስላይዱ አንድ አንሶላ ራሱ ላይ ወድቆበት ውስጡ ሆኖ «የት ነው በሩ? የት ነው በሩ?» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከወገቡ እስከ አገጩ ሃያ አንሶላ ታቅፎ፣ መቆንጠጫ በጥርሱ ይዞ፣ በደረጃው ላይ «አንሱ! አንሱ! ይሄ እኮ ቶን ነው! ይሄ ሁሉ ቶን ነው!» እያለ ይወርዳል፣ ይወጣል። ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አክስቴ ፊት ቆመና፣ ስምንት ወር ሙሉ ስሟን ጠርቶ የማያውቅ ሰውዬ፣ «እትዬ፣ ይሄን የት ላድርገው?» አላት።

«አልጋዬ ላይ። ጫማህን አውልቀህ ግባ።»

አወለቀ። አንዱ ካልሲው ቀዳዳ ነበረው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ነገር አበቃ። ሁለት መቶ ዘጠና ደረቅ አንሶላ በጋሪ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ወደ ሆቴሉ ሄደ፤ አሥሩን ካውያ አደረቃቸው። ኦዲተሯ እግሯን በእኛ ፎጣ አድርቃ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «ነገም ታሰጣላችሁ አይደል?» አለ። አክስቴ መቆንጠጫዋን ከጥርሷ አወጣች። «ፀሐይዋን እጠይቃታለሁ» አለችው። «የኛን ሥራ ስኮፕ ሦስት ነው አሉኝ፤ ዋጋውም ከሳሙናው ጋር ይነጋገር።» እሱ ሲወርድ ደረጃው ላይ ረጅም ጊዜ እግሩ ይሰማ ነበር።

ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ፣ የሁለታችን አንድ አንሶላ ቀረን፤ የቤታችን፣ የራሳችን፣ ከሆቴሉ አንሶላዎች ጋር ጣሪያ የወጣ። ሁለት ጫፍ እሷ፣ ሁለት ጫፍ እኔ። ወጠርን፣ ተቀራረብን፣ ጣት ከጣት ተነካካ። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ጣቶቼን ያዝ አደረገቻቸው።

«ስልክሽ ይጮኻል እኮ» አለች። «ጠዋት ያን ሁሉ ሰምቻለሁ።»

«ሰምተሻል?! ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺስ?»

ዓይኔን ወደ አንሶላው ጣልኩ። «ለዚያ ነዋ» አለች፤ «በመንገዱ በኩል ያሰጣሁት። ዓይን ያላት ሴት ከሆነች ታያለች ብዬ። ካላየች ደግሞ ያው፣ አቧራውን አራግፈዋለሁ።» ከዚያ ደግሞ፣ እያየችኝ፣ በቀስታ፣ «ስምሽን ስትጽፈው አየሁ። የአባትሽን ስም ሳትሳሳት ጻፈችው። ያኔ ደብተሮችሽን መሸጥ አልነበረብኝም።»

ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው። ሲመጣ ግን አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ። «በርካሽ ነው የሸጥሻቸው።»

አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። «ሰውዬው ግን» አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ «ከወሰን ውጪ ያለ ሰው ጆሮ የለውም ብሎ ነው እንዴ?» እኔም ለቀቅሁት። እሷም ለቀቀችው። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ስንቀመጥ አንሶላው መሀላችን ወደቀ፤ ሥራ አስኪያጁ በረጠበ ካልሲው በረገጠው ወለል ላይ።

እንደገና መታጠብ አለበት። ውሃ፣ ጋዝ፣ መብራት፤ በአእምሮዬ አሰላሁት፤ ግማሽ ኪሎ ልቀት አይሞላም። ይሁን። በእኔ ስም ይመዝገብ።